ቶርኖ ቤቱ ለምን ቦይ ቆፈረ? ስለ መስመርና ስለ ኮምፓስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ለፕሮጀክታችን የትንሽ ጀልባ ሞተርን ከፕሮፔለሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኝ ፍላንጅ አውቶካድ በሚባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ሠራሁና አትሜ ቶርኖ ቤት ወሰድኩ። ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ነው። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች የሚደረደሩበትን ክብ ሴንተር ላይን ብዬ ነበር የሠራሁት፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያልተቋረጠ መስመር ሆኖ ወጣ። ሠራተኛው በዚያ ክብ ላይ ስፋቱ 3፣ ጥልቀቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቦይ ቆፈረበት። ጥፋቱ የማን ነው? ፍላንጁስ ይድናል? ደግሞ መምህራችን በእጅ የሳልኩት ሊንክ (ሁለት ክብ ራስ ያለው ማገናኛ ብረት) ላይ ‹የታንጀንት ነጥቡ የት አለ?› ብለው በቀይ ጻፉበት። በዓይን ሲታይ ግን ቅስቶቹ ገጥመዋል። አውቶካድ እያለስ በኮምፓስ የምንለፋው ለምንድን ነው?»

እህቴ፣ ፎቶዎቹን አየኋቸው። ከጥፋቱ ልጀምር፤ የሚያናድድሽ እሱ ነውና። አብዛኛው ያንቺ ነው። ሰውየው ሳይጠይቅ መቁረጡ አያስመሰግነውም። ግን እሱ ያየው ወረቀቱን ነው፤ አንቺ ያሰብሽውን ከየት ያውቃል? ወረቀቱ ላይ የፍላንጁ የውጭ ጠርዝ፣ የመሀሉ ቀዳዳ፣ ያ ክብ፣ ሌላው ቀርቶ የልኬት መስመሮቹ ሳይቀሩ አንድ ውፍረት አላቸው። የትኛው መስመር ብረት እንደሆነ፣ የትኛው ለማስረዳት ብቻ እንደተሠመረ መለየት አይቻልም።

ያልተቋረጠ ወፍራም መስመር አንድ ትርጉም ብቻ አለው። እዚህ ጋ በዓይን የሚታይ ጠርዝ አለ ማለት ነው። ብረቱ እዚህ ያልቃል፣ ወይም እዚህ ከፍታው ይለወጣል። አንቺ ልትዪ የፈለግሽው ግን «በዚህ ክብ ላይ ምንም የለም፤ የ6ቱ ቀዳዳዎች መሀል ብቻ እሱ ላይ ይውላል» ነው። ለዚህ የተመደበው ቀጭኑ ሰረዝ-ነጥብ መስመር ነው፣ ሴንተር ላይን የምንለው። ረጅም ሰረዝ፣ ክፍተት፣ ነጥብ፣ ክፍተት፣ እንደገና ረጅም ሰረዝ። ይህን ያየ ሠራተኛ መቁረጫውን አያስጠጋም።

ለሰውየው ጥብቅና አልቆምም፤ የእሱም ንባብ ልክ አልነበረም። ቦይ ሁለት ጠርዝ አለው። ስለዚህ ከፊት ሲታይ ሁለት ክብ ሆኖ ነው የሚሳለው። አንድ ክብ ብቻውን ደረጃ ነው፤ ከሱ ውስጥ ያለው ከውጪው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል ማለት ነው። ስፋትና ጥልቀት ስላልተጻፈ 3 እና 2ን ከራሱ አመጣ። ለግምት በር የከፈተለት ደግሞ የጎን እይታ አለመኖሩ ነው። ፍላንጅ ዙር ዕቃ ነው። ከፊት ብቻ ሲሳል ውፍረቱም፣ ደረጃውም፣ አንገቱም አይታይም። በመሀሉ ተቆርጦ የሚታይ አንድ ሴክሽን ጎኑ ላይ ብትጨምሪ ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ። እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ዕቃ አንድ እይታ ብቻ ሳል ብባል የምመርጠው ሴክሽኑን ነው።

አሁን መስመሩ ለምን ያልተቋረጠ ሆኖ እንደወጣ። ይህ አውቶካድ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት የመስመር ፋይሎች አሉት፤ አንዱ በኢንች፣ ሌላው በሚሊሜትር። በኢንቹ ፋይል የሴንተር ላይን ረጅም ሰረዝ 1.25፣ ክፍተቱ 0.25 ነው። ሥራሽን በኢንቹ ቴምፕሌት (መነሻ ፋይል) ጀምረሽ ልኩን በሚሊሜትር ካስገባሽ ሰረዙ 1.25 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ ሩብ ሚሊሜትር ይሆናል። የፕሪንተሩ ቀለም ያን ክፍተት ይውጠዋል፤ መስመሩ ድፍን ሆኖ ይወጣል። በሚሊሜትሩ ፋይል ያው ሰረዝ 31.75፣ ክፍተቱ 6.35 ነው፤ 25.4 እጥፍ። ስለዚህ ከመጀመሪያው የሚሊሜትሩን ቴምፕሌት ምረጪ። ከዚያ 31.75 ለትንሽ ዕቃ ስለሚረዝም የመስመሩን ስኬል ወደ 0.25 አውርጂው፤ ሰረዙ ወደ 8 ሚሊሜትር ይመጣል። ውፍረቱም እንደዚሁ ነው። ካልነገርሽው ሁሉንም መስመር 0.25 ሚሊሜትር አድርጎ ያትመዋል። ውፍረት ለእያንዳንዱ ሌየር (መስመሮችን በዓይነት የምትለዪበት ንብርብር) መስጠት ያንቺ ሥራ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ስላየሽ የተለያየ መስሎሻል፤ ጥቁርና ነጭ ሲታተም ግን ቀለም የለም።

ስለ ውፍረት ከተነሣ ትንሽ ልቆይበት። አይኤስኦ 128፣ ዓለም አቀፉ የድሮዊንግ ስታንዳርድ፣ የሚያውቃቸው ውፍረቶች 0.13፣ 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.5፣ 0.7፣ 1፣ 1.4 እና 2 ሚሊሜትር ናቸው። ቁጥሮቹ እንዲያው የተመረጡ አይደሉም። እያንዳንዱ ከበፊቱ በ1.4 ገደማ ይበልጣል፤ ይህም የ2 ስኩዌር ሩት ነው። ወረቀቶቹም በዚሁ ቁጥር ነው የሚያድጉት። ኤ3 ሥራሽን ኮፒ ቤት ወስደሽ ወደ ኤ4 በ71 በመቶ ብታሳንሺው 0.5 የነበረው 0.35፣ 0.25 የነበረው 0.18 ይሆናል። ካነሰም በኋላ መስመሮቹ ከደረጃቸው አይወጡም።

ለአንድ ሉህ ሁለት ውፍረት ይበቃል። ወፍራሙ የቀጭኑ እጥፍ ይሁን። ለኤ3 እና ለኤ4 0.5 እና 0.25 በቂ ነው። ፖሊ፣ የናንተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተመሠረተ ተቋም ስለሆነ ከድሮ ሰዎች አፍ «ጎስት» የሚል ቃል ብትሰሚ አይግረምሽ። የሶቪየቶቹ ስታንዳርድ ነው። ጎስት 2.303 ዋናውን መስመር ከ0.5 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ያደርገውና ቀጭኑን የዋናው ሲሶ እስከ ግማሽ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ሁለቱ መስመሮች በርቀትም ቢሆን መለየት አለባቸው።

በእጅ ስትስዪ አንድ ነገር እንዳትቀላቅዪ። ቀጭን ማለት ደብዛዛ ማለት አይደለም። ሴንተር ላይንም፣ የልኬት መስመርም፣ ሃቺንግም (የተቆረጠውን ፊት የሚሞሉት ዘንበል ያሉ መስመሮች) ቀጭን ግን ጥቁር ነው። ደብዛዛ እንዲሆን የሚፈቀደው የመሥሪያ መስመር ብቻ ነው፤ ያም በ2ኤች እርሳስ፣ ሳትጫኚ። ለጠርዙ ኤችቢ ያዢ። ኮምፓሱ ውስጥ የምታስገቢው ደግሞ በእጅሽ ከያዝሽው አንድ ደረጃ ለስለስ ያለ ይሁን፣ ኮምፓስ ላይ እንደ እጅ መጫን ስለማይቻል። የተማሪ ድሮዊንግ ላይ ክቦቹ ገርጥተው ቀጥታዎቹ ጠቁረው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከኋላ ተሸፍኖ የማይታየው ጠርዝ በቆርጥራጭ መስመር ይሳላል። የሰረዙ ርዝመት የመስመሩ ውፍረት 12 እጥፍ፣ ክፍተቱ 3 እጥፍ ነው። በ0.25 መስመር ሰረዙ 3 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። በእጅ 3 እና 1 ብትይው ማንም አይቆጣሽም። የሴንተር ላይን ረጅም ሰረዝ 24 እጥፍ ስለሆነ 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁለት ሴንተር ላይኖች ሲተላለፉ ረጅሙ ሰረዝ በረጅሙ ሰረዝ ላይ ይለፍ፤ ነጥብ ወይም ክፍተት ላይ ከተገናኙ የቀዳዳው መሀል የቱ ጋ እንደሆነ አይታወቅም፣ ትራፓኖ የያዘው ሰው ደግሞ የሚፈልገው ያንን ነው። ጫፉም ከክቡ ጠርዝ ጥቂት ሚሊሜትር ይውጣ። ጎስት ከ12 ሚሊሜትር በታች ለሆነ ክብ ያልተቋረጠ ቀጭን መስመር ይፈቅዳል፤ እዚያ ውስጥ ሰረዝና ነጥብ መደርደር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለት መስመሮች እላይ በላይ ሲወድቁስ? የሚታየው ጠርዝ ሁሉንም ያሸንፋል። ቀጥሎ የተሸፈነው ጠርዝ፣ ከዚያ የሴክሽን መቁረጫው፣ ከዚያ ሴንተር ላይን ይመጣል። የልኬት መውጫ መስመር መጨረሻ ነው።

የብሎን ጥርስ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንቺም ሊንኩ ላይ ገልብጠሽዋል። ጥርሱን አንድ በአንድ እንደ መጋዝ መሳል የለም። ለብሎን የውጪው መስመር ወፍራም፣ የጥርሱ ሥር ቀጭን ነው። ለተጠረሰ ቀዳዳ በሴክሽን ሲታይ ይገለበጣል፤ የውስጡ ወፍራም፣ የውጪው ቀጭን። ለማስታወስ ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ምን ነበር ብለሽ ጠይቂ። ብሎኑ 12 ሚሊሜትር ዘንግ ነበር፤ ስለዚህ 12 ወፍራም ነው። ቀዳዳው ለኤም12 (ለባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን) በ10.2 መሰርሰሪያ የተበሳ ጉድጓድ ነበር፤ ስለዚህ 10.2 ወፍራም፣ 12 ቀጭን ነው። ከፊት ሲታይ ቀጭኑ ክብ ሦስት አራተኛው ብቻ ይሳላል፤ አንዱ ሩብ ክፍት ይቀራል። የሴክሽኑ ሃቺንግም ቀጭኑን አልፎ እስከ ወፍራሙ ይደርሳል። ሃቺንግ በ45 ዲግሪ ይሄዳል፤ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ጎን ለጎን ከተቆረጡ አቅጣጫቸው ይቃረን። ዘንግ፣ ብሎን፣ ዳዶና ቁልፍ (ፑሌጃን ከዘንግ ጋር አያይዞ የሚያዞረው ትንሽ ብረት) ግን በቁመታቸው ቢቆረጡም ሃቺንግ አይደረግባቸውም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራው ሰው ድሮዊንግ አያይም፤ ደንገሉን አስሮ ይገሰግሳል፣ ታንኳውም ይንሳፈፋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕግ ለምን? ታንኳ ሠሪው የሚያስበውም የሚሠራውም ራሱ ነው። አንቺ ግን አስበሽ ለሌላ ሰው ሰጠሽ። በሁለታችሁ መሀል ያለው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ሰውየው ማታ፣ አንቺ በሌለሽበት ነው የሚያነበው።

ወደ ኮምፓሱ ልለፍ። ከፍላንጅሽ ልጀምር፤ የቀዳዳዎቹ ክብ ዲያሜትር 100 ነው፣ ሬዲየሱ 50። 6 ቀዳዳ እኩል ለማከፋፈል ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ኮምፓሱን ከ50 ሳትነኪው ክቡ ላይ ደርድሪው፤ 6 ጊዜ ገብቶ መነሻው ላይ ይመለሳል። ምክንያቱም መሀሉንና ሁለት ጎረቤት ነጥቦችን ብታገናኚ ሦስቱም ጎን 50 የሆነ ሦስት ማእዘን ይወጣል። ግን እየተከታተሉ መደርደር አንድ ችግር አለው። ኮምፓሱ 0.2 ሚሊሜትር ቢዛነፍ 5ኛው እርምጃ ላይ ስህተቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ይጠጋል። የተሻለው መንገድ ይኸውልሽ። በመሀሉ የሚያልፍ ቀጥታ መስመር አስምሪ፤ ክቡን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። መርፌውን በአንደኛው ጫፍ ትከዪና በ50 ክፍተት ክቡን ግራና ቀኝ ቁረጪው። በሌላኛው ጫፍም እንዲሁ። 6 ነጥብ አገኘሽ፤ ስህተትም አይደማመርም።

ይህ ለወረቀት ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ብረቱ ላይ በመጫሪያ ኮምፓስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የጎረቤት ቀዳዳዎች መሀል ለመሀል 50 ስለሆነ፣ ቀዳዳው 13.5 ከሆነ በመሀላቸው የሚቀረው ብረት 36.5 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ወዲያው ይረጋገጣል። 5 ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ርቀቱ 58.8 ይሆን ነበር፤ 100 ሲባዛ በ36 ዲግሪ ሳይን።

የብሎን ራስም ባለ ስድስት ጎን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ኪያቤው የሚይዘው ከጠፍጣፋ ጎን እስከ ጠፍጣፋ ጎን ያለውን ነው። ለኤም12 በአይኤስኦ 18 ነው፤ በድሮው የጀርመን ልክ 19። ገበያ ላይ ሁለቱም አሉ። አንቺ 18 ዲያሜትር ያለው ክብ ስለሽ ውስጡን በሬዲየሱ ደረደርሽው። ያኔ 18 የሆነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ኪያቤው የሚይዘው 15.6 ብቻ ቀረ። ትክክሉ ባለ ስድስት ጎኑን ክቡን ከውጭ እንዲነካው ማድረግ ነው። 18 ክብ ሳዪ፤ ከዚያ በ30-60 ሴት ስኩዌር (ባለ ሦስት ማእዘን ማስመሪያ) 6 ታንጀንት መስመሮች፣ ማለትም ክቡን ሳይቆርጡ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚነኩ፣ ዙሪያውን አስምሪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 20.8 ይወጣል።

አሁን መምህርሽ ወደ ጻፉት ቀይ። እውነት አላቸው። ሊንክሽ ሁለት ክብ ራሶች አሉት፤ አንዱ ሬዲየሱ 30፣ ሌላው 20፣ መሀል ለመሀል 80። ከታች በኩል ወደ ውስጥ የጎደጎደ ባለ 50 ሬዲየስ ቅስት ያገናኛቸዋል። ከላይ ደግሞ ሁለቱንም ከውጭ ያቀፈ ባለ 100 ሬዲየስ ቅስት አለ። አንቺ የቅስቶቹን መሀል በሙከራ ፈለግሽ። ኮምፓሱን ወዲያ ወዲህ እያደረግሽ ሲገጥም ቆምሽ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ከታች በግራ በኩል ቅስቱ ክቡን አልነካውም፤ ቆርጦታል።

ሕጉ አጭር ነው። ሁለት ክቦች ከውጭ ሲነካኩ የመሀሎቻቸው ርቀት የሬዲየሶቹ ድምር ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ ሲነካው ልዩነታቸው ነው። ስለዚህ ለታችኛው ቅስት ከመጀመሪያው መሀል በ50 ሲደመር 30፣ ማለትም በ80 ቅስት ጣዪ። ከሁለተኛው መሀል በ50 ሲደመር 20፣ በ70 ሌላ ጣዪ። የሚቆራረጡበት ነጥብ የቅስቱ መሀል ነው። ለላይኛው 100 ሲቀነስ 30፣ 70 ነው፤ 100 ሲቀነስ 20፣ 80 ነው። ከላይ ላለው ቅስት መሀሉ ከታች እንደሚወድቅ አትርሺ።

ቀጥሎ ያለው ነው መምህርሽ የጠየቁት። የታንጀንት ነጥቡ ሁልጊዜ በሁለቱ መሀሎች በሚያልፍ ቀጥታ መስመር ላይ ነው። ለታችኛው ቅስት መሀሎቹን አገናኚ፤ መስመሩ ትልቁን ራስ የሚቆርጥበት ቦታ ቅስቱ የሚነሣበት ነጥብ ነው። ለላይኛው ደግሞ መስመሩን ከቅስቱ መሀል አስነሥተሽ የራሱን መሀል አሳልፈሽ ቀጥዪው፤ ከክቡ የሚወጣበት ቦታ ነጥቡ ነው። 4 ነጥብ ይኖርሻል። እነሱን በቀጭን ጭረት ምልክት ሳታደርጊ ቅስት አትጀምሪ። የመሥሪያ መስመሮቹንም አታጥፊያቸው፤ መምህሩ ውጤት የሚሰጠው እነሱን አይቶ ነው።

ሁለቱ ቅስቶች ካልተቆራረጡስ? ያኔ ስህተቱ ያንቺ እጅ ላይ ሳይሆን ልኩ ላይ ነው። ለምሳሌ የላይኛው ሬዲየስ 60 ቢባል 30 እና 40 ይመጣል፤ ድምሩ 70 ነው፣ መሀሎቹ ግን 80 ይራራቃሉ። እንዲህ ያለ ሊንክ በዓለም ላይ የለም። ከ65 በታች ምንም አይሠራም። ኮምፓሱ ይህን በደቂቃ ይነግርሻል።

«በዓይን ሲታይ ገጥሟል» ያልሽው ወረቀት ላይ ሊያስኬድ ይችላል። ብረት ላይ ግን ቅስቱ ክቡን የሚቆርጥበት ቦታ ሹል ጥግ ይሆናል። ጭነቱ እዚያ ጥግ ላይ ይከማቻል። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ብረት ይደክማል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ደግሞ ከእንዲህ ያለ ጥግ ነው። የተሰበረ ዕቃ ጋራዥ ውስጥ ስታገኚ ስብራቱ ከየት እንደተነሣ እዪ። ብዙ ጊዜ ሹል ጥግ፣ የቁልፍ ቦይ ወይም የጥርስ ሥር ነው።

ቀጥታ መስመርና ቅስት ሲገናኙ ቅስቱን መጀመሪያ አጥቁሪ፤ ቀጥታውን በኋላ። ቀጥታን ወደ ቅስት ማስጠጋት ቀላል ነው፣ ቅስትን ወደ ቀጥታ ማስጠጋት ግን አስቸጋሪ ነው። ሁለት ቀጥታ መስመሮችን በቅስት ለማዞርም ዘዴው ያው ነው። ከሁለቱም በሬዲየሱ ርቀት ትይዩ መስመር አስምሪ፤ ሲገናኙ መሀሉን አገኘሽ። ከዚያ ነጥብ ወደ መስመሮቹ በ90 ዲግሪ ውረጂ፤ ነጥቦቹ እነሱ ናቸው።

ታንጀንት የት ይጠቅማል ካልሽ ወፍጮ ቤት ግቢ። ቺንጋው በሁለቱ ፑሌጃዎች ላይ የሚዘረጋው ታንጀንት ሆኖ ነው። ትልቁ ሬዲየሱ 100፣ ትንሹ 40፣ መሀል ለመሀል 300 ይሁን። በትልቁ መሀል ላይ 60 ሬዲየስ ያለው ረዳት ክብ ሳዪ፤ 100 ሲቀነስ 40 ነው። ሁለቱን መሀሎች የሚያገናኘውን መስመር ለሁለት እኩል ክፈዪና በእሱ ላይ ግማሽ ክብ ሳዪ። ግማሽ ክቡ ረዳት ክቡን የሚቆርጥበትን ነጥብ ያዢ። ከትልቁ መሀል በዚያ ነጥብ በኩል መስመር አውጥተሽ እስከ ትልቁ ክብ አድርሺ፤ ቺንጋው የሚለቅበት ቦታ እሱ ነው። ለትንሹም ትይዩውን አስምሪ። ልክ ከሆንሽ የቀጥታው ርዝመት 294 ገደማ ይለካል። ቺንጋው ተጠማዞ የሚሻገር ከሆነ በመቀነስ ፋንታ ደምሪ፤ ረዳት ክቡ 140 ይሆናል።

ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅምሽን ግን በክፍል ውስጥ ቶሎ አልፈውት ይሆናል። የተሰበረ ፑሌጃ ቁራጭ ይዘው መጥተው «እንደዚህ ያለ ሥሩልን» ይሉሻል። መሀሉ የለም፤ ያለው የጠርዙ ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጩን ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ጠርዙን በእርሳስ ዙሪ። ቅስቱ ላይ 3 ነጥብ ምረጪ፣ በተቻለ መጠን የተራራቁ። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው በቀጥታ አገናኚ። እያንዳንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍል ቋሚ መስመር አውጪ፤ ኮምፓሱን ከግማሹ በላይ ከፍተሽ ከሁለቱም ጫፍ ከላይና ከታች ቅስት መጣል ነው። ቋሚዎቹ የሚገናኙበት የጠፋው መሀል ነው። ከዚያ በስሌት አረጋግጪ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ቀጥታ 120፣ ከቀጥታው እስከ ቅስቱ ጀርባ ያለው ቁመት 20 ቢሆን፣ 120 በራሱ ተባዝቶ ለ8 ጊዜ 20 ሲካፈል 90 ነው፤ የቁመቱን ግማሽ 10 ጨምሪበት፣ ሬዲየሱ 100 ነው። ቁራጩ ትንሽ ከሆነ ቁመቱ ላይ ያለች ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት ሬዲየሱን ብዙ ታዛባዋለች። ስለዚህ ትልቁን ቁራጭ አምጡ በያቸው።

መስመርን ለ7 እኩል መክፈልና መሰል ነገሮችን መማሪያሽ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ረዳት መስመር በጎን አውጥቶ 7 እኩል እርምጃ መደርደርና በትይዩ መመለስ ነው። ኤሊፕስ (ሞላላ ክብ) ላይ አንድ ቃል ብቻ። ባለ አራት መሀሉ ዘዴ ለአይሶሜትሪክ ሥዕል (ሦስቱ ጎኖች በአንድ ላይ ለሚታዩበት) ነው፤ ለማሳመር። በ45 ዲግሪ ለተቆረጠ ቱቦ ላሜራ የምታስቆርጪ ከሆነ በሁለት ክቦች የሚሠራውን ተጠቀሚ፤ ባለ አራት መሀሉ ግምት ነው፣ ብየዳው ላይ ክፍተት ይተዋል።

ስለዚህ አውቶካድ እያለ ለምን? አውቶካድ ይሻላል፤ ሥራ ላይ ስትገቢ በኮምፓስ ሳዪ የሚልሽ የለም። ግን የሚጠይቅሽ ጥያቄ አለ። ያው ሊንክሽ ላይ ሁለቱን ክቦች የሚነካ ባለ 100 ሬዲየስ ክብ ሥራ በዪው። ስንት መልስ አለው? 8። ሁለቱንም ከውጭ የሚነካ፣ ሁለቱንም የሚያቅፍ፣ አንዱን አቅፎ ሌላውን ከውጭ የሚነካ፣ ተገላቢጦሹም፤ እያንዳንዱ ደግሞ ከላይና ከታች። ፕሮግራሙ አንዱን ይሰጥሻል፤ የትኛውን እንደሚሰጥሽ የሚወስነው ክቦቹ ላይ የት ጋ እንደነካሽ ነው። መደመርና መቀነሱን በእጇ የሠራች ልጅ የት እንደምትነካ ታውቃለች። ያልሠራችው እየሞከረች ታጠፋለች፣ ወይም የመጣላትን ትቀበላለች። የሴንተር ላይኑም ነገር ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ስሙን በትክክል ይዞታል፤ ወረቀቱ ላይ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሲታተም ዓይንሽ ካልያዘው ማንም አይዝልሽም።

ፍላንጁ ይድናል ወይ ላልሽው፣ ይድናል ባይ ነኝ። ቦዩ 2 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቱ 16። ያንኑ ፊት ቶርኖ ላይ 2 ሚሊሜትር ከትንሽ ትርፍ ጋር አስላጪው፤ ቦዩ ይጠፋል፣ ወደ 14 የሚጠጋ ውፍረት ይቀርሻል። መጀመሪያ ስሌትሽን ክፈቺና 14 የሞተሩን ጉልበት ይችል እንደሆነ እዪ፤ የብሎኖቹንም ርዝመት አስተካክዪ። ካልቻለ አዲስ ብረት ነው። ለማሳያ ብቻ ከሆነ እንዳለ ሊቀመጥ ይችላል፤ የኤም12 ሮንዴላ 24 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው በብሎኖቹ ሥር 3 ሚሊሜትሩን ቦይ ይሸፍነዋል። ጣና ላይ ለሚሄድ ጀልባ ግን ሹል ጥግ ያለው ቦይ በብሎኖቹ መስመር ላይ ትተሽ አትሂጂ። ስትመለሺ ሴክሽን ያለበትን፣ ሁለት ውፍረት ያለውን አዲሱን ወረቀት ያዢ፤ አሮጌውን ከሰውየው ተቀበዪው፣ ሁለቱ አብረው ከተቀመጡ የትኛውን እንደሚያነሣ አይታወቅም። ቀዳዳ ከመብሳቱ በፊትም 6ቱ የሴንተር ፓንች (የመብሻ ቦታ መውጊያ) ምልክቶች 50፣ 50 መራራቃቸውን እዚያው ቆመሽ ለኪ።